በሰው ሪሞት የሚከፈት በር

(ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት፣ ዓርብ ማለዳ፤ ጡረታ የወጡት የጉምሩክ ፈታሽ ጋሽ ዳምጠው በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው፣ የተማሪ ሰርቪስ የምትነዳው ጎረቤታቸው የጥሩዓለም ሚኒባስ ፊት ተገትረው መንገድ ዘግተውባታል።)

ጋሽ ዳምጠው፦ ንቅንቅ አልልም! መጀመሪያ ያቺን ሪሞት አስረክቢኝ።

ጥሩዓለም፦ ጋሽ ዳምጠው፣ አሥራ አራት ተማሪ በየበሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። እርስዎንም በዚህ ፒጃማ ብርድ ይመታዎታል።

ጋሽ ዳምጠው፦ ብርዱን ለእኔ ተይው። አሁን መኪናሽን ስታወጪ የማን ጋራዥ ተከፈተ?

ጥሩዓለም፦ የእኔ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሌላስ?

ጥሩዓለም፦ የእርስዎም ትንሽ ከፈት ያለ መሰለኝ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ትንሽ? እስከ ጣሪያው ነው እንጂ! ስምንት ወር ሙሉ፣ አንቺ ስትወጪ የእኔ በር ይከፈታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ዝንፍ ሳይል። ዶሮ እንኳ እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ጥሩዓለም፦ ነግሬዎት የለ? ሪሞቶቻችን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተደበላልቀው ነው። የቴክኖሎጂ ነገር፣ ምን ይደረጋል።

ጋሽ ዳምጠው፦ እኔ ሞኙ ደግሞ አመንኩሽ! ባትሪ ቀየርኩ። ሞተሩን ፈትቼ አቧራውን ጠረግሁ። «ለሁሉም በር ይሆናል» የተባለ ሪሞት ከመርካቶ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። ለሁሉም በር ሆነ፣ የእኔ በር ብቻ እምቢ አለው።

ጥሩዓለም፦ በሩም እንደ ባለቤቱ ነዋ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ትናንት ባለሙያ አስመጣሁ። ነስሩ ይባላል፤ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነው። ምን አለኝ መሰለሽ?

ጥሩዓለም፦ «ትንሽ ይረፉ» አለዎት?

ጋሽ ዳምጠው፦ «አባቴ፣ የድሮዎቹ ሪሞቶች ኮዳቸው አንድ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ይደባለቃሉ፤ ማንም ሱቅ ይቀዳቸዋል። የእርስዎ ግን በተጫኑት ቁጥር ኮዱን የሚቀይር ነው። አይደባለቅም፣ አይቀዳም። ሌላ ሪሞት እንዲለምድ ከተፈለገ፣ ሰው ጣሪያው ሥር ወጥቶ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ማስተማር አለበት» አለኝ።

ጥሩዓለም፦ ወሬ የማያበዛው ልጅ ነው ይህን ሁሉ የተናገረው?

ጋሽ ዳምጠው፦ ቆጥሮም አሳየኝ። ሞተሩ ሦስት ሪሞት ያውቃል። አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው። አንዱ የአሰገደች ነው፣ ነፍሷን ይማርና፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሦስተኛው የማን ነው?

ጥሩዓለም፦ የጉምሩክ ጥያቄ ሆነብኝ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈታሽ ነበርኩ፣ ጥሩዓለም! ሻንጣ ሳይከፈት ባለቤቱ ግንባር ላይ ያለውን ላብ አይቼ የምለይ ሰው ነኝ።

ጥሩዓለም፦ የእኔ ላብ ስምንት ወር ፈጀብዎት።

ጋሽ ዳምጠው፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ቤቴ ገብተሻል፣ አልገባሽም?

ጥሩዓለም፦ ገብቻለሁ።

ጋሽ ዳምጠው፦ መሰላሌ ላይ ወጥተሻል?

ጥሩዓለም፦ ወንበር ላይ ነው የወጣሁት። የምግብ ጠረጴዛዎ ወንበር፤ አንዱ እግሩ ይወዛወዛል፣ ያሠሩት።

ጋሽ ዳምጠው፦ እግዚኦ! ሌባ እንኳ ከሚሰርቀው ዕቃ ጋር እንዲህ አይተዋወቅም!

ጥሩዓለም፦ በስምንት ወር ውስጥ አንዲት ብሎን ጎድላብዎታለች?

ጋሽ ዳምጠው፦ ያሳበደኝ እሱ አይደል! ብትሰርቂ ይገባኝ ነበር። ትከፍቺያለሽ፣ አትገቢም፣ አትነኪም። እኔ ካልጋዬ ወርጄ እየተሳደብኩ መጥቼ እስክዘጋው ድረስ በስፖኪዮ ታዪኛለሽ፣ ከዚያ ነድተሽ ትሄጃለሽ።

ጥሩዓለም፦ እሱን ነው እኮ የምጠብቀው።

ጋሽ ዳምጠው፦ ምኑን?

ጥሩዓለም፦ ስድብዎን።

ጋሽ ዳምጠው፦ አንቺ ልጅ፣ ተመርምረሻል?

ጥሩዓለም፦ ጋሽ ዳምጠው፣ ያ ወንበር ሲወዛወዝ ማን የያዘልኝ ይመስልዎታል?

ጋሽ ዳምጠው፦ ማን ያዘልሽ?

ጥሩዓለም፦ እትዬ አሰገደች።

ጋሽ ዳምጠው፦ የሞተ ሰው ስም አታንሺ።

ጥሩዓለም፦ እርስዎ የእድር ስብሰባ የሄዱ ዕለት ነው። ከአልጋ ተነስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው ጎትተው አስገቡኝ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ስትል «ያዘች?» አሉኝ። «ያዘች» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ደጅ ወጥተው ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። የጉምሩክ ሚስት አይደሉ።

ጋሽ ዳምጠው፦ መቆም እንኳ አትችልም ነበር ያን ጊዜ።

ጥሩዓለም፦ ቆሙ። «እኔ ከሄድኩ ይሄ ሰው አንድ ቀን ወድቆ ይቀራል» አሉኝ። «ልጆቹ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ጅማ። ሲደውሉለት ‹አልሞትኩም› ብሎ ይዘጋባቸዋል። ደህና አደሩ ብለሽ ብታንኳኪ ያባርርሻል። በሩን ክፈቺበት። ለሌላ ነገር ባይነሳ ለመሳደብ ይነሳል።»

ጋሽ ዳምጠው፦ እንዲህ አለች?

ጥሩዓለም፦ በዚሁ ቃል። «ሲሳደብ ከሰማሽ ደህና ነው፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ» ብለውኛል። እርስዎ «የማናት ደንቆሮ!» ሲሉ እኔ «ተመስገን» ብዬ ማርሽ አስገባለሁ።

ጋሽ ዳምጠው፦ አርባ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ከጎረቤት ጋር ታሴርብኝ?

ጥሩዓለም፦ በእርስዎ ላይ ከእርስዎ ጋር ሊያሴሩ ኖሯል?

ጋሽ ዳምጠው፦ አልፈልግም! ጠባቂ አልጠየቅሁም። እኔ ብረት ነኝ።

ጥሩዓለም፦ ብረት! ማክሰኞስ?

ጋሽ ዳምጠው፦ ማክሰኞ ምን ሆነ?

ጥሩዓለም፦ በሩ ተከፈተ፣ ስድብ የለም። ብገባ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ መሰላሉ እግርዎ ላይ ወድቋል። «ምን ሆኑ?» ብል «የመኪናውን ሆድ እያየሁ ነው» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት ብል ጮኹብኝ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ዘይት ያንጠባጥባላ፣ መኪናው።

ጥሩዓለም፦ መኪናው ከገና ጀምሮ መካኒክ ጋ ነው። የየትኛውን መኪና ሆድ ነበር የሚያዩት?

ጋሽ ዳምጠው፦ ያንን የተረገመ ሞተር ከሶኬት ልነቅለው ወጥቼ ነዋ! አንቺን ላስቆም ብዬ!

ጥሩዓለም፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የወደቁት?

ጋሽ ዳምጠው፦ ምን ይጠቅምሻል?

ጥሩዓለም፦ ሳነሳዎት እጅዎ በረዶ ነበር።

ጋሽ ዳምጠው፦ አሥር ሰዓት ላይ።

ጥሩዓለም፦ ሊነጋጋ ሲል?

ጋሽ ዳምጠው፦ ከሰዓት። ሰኞ ከሰዓት።

ጥሩዓለም፦ ሰኞ?! የእኔ ጌታ!

ጋሽ ዳምጠው፦ ስልኩ ሳሎን ነበር። ተጣራሁ፣ ጮህኩ። ያ በር ሲዘጋ ድምፅ አያሳልፍም፤ «አንደኛ ነው» ብለው የሸጡልኝ ለካ ለዚህ ነው።

ጥሩዓለም፦ ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?

ጋሽ ዳምጠው፦ የሰው እጅ ይዤ ተነስቼ፣ ደግሞ ታሪክ ልጨምርልሽ?

ጥሩዓለም፦ በሉ እሺ። ይቺውልዎት ሪሞቷ። እኔ ለእሳቸው ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ የእርስዎን ፈቃድ ደግሞ አልጥስም። ነስሩን ይጥሩት፤ ያቺን ቁልፍ መብራቷ እስክትጠፋ ተጭኖ ከያዛት ሞተሩ ሁሉንም ይረሳል። ከዚያ የእርስዎን ብቻ እንደ አዲስ ያስተምረዋል።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሁሉንም?

ጥሩዓለም፦ እኔን ለይቶ አያጠፋም።

ጋሽ ዳምጠው፦ የአሰገደችንም?

ጥሩዓለም፦ የእሳቸውንም።

ጋሽ ዳምጠው፦ ባትሪዋን በየወሩ እቀይርላታለሁ እኮ። ዝም ብዬ ነው። እንዳትዝግ።

ጥሩዓለም፦ ይያዙ እንጂ ጋሽ ዳምጠው፣ ልጆቹ ረፈደባቸው።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ለመልቀቅ የምትጣደፊው? ወደ ቦርሳሽ መልሺያት!

ጥሩዓለም፦ ይህን ሁሉ ጊዜ መንገድ ዘግተውብኝ?

ጋሽ ዳምጠው፦ ነገር አትጎትቺ። ማታ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?

ጥሩዓለም፦ አሥራ አንድ ተኩል ግድም። ምነው?

ጋሽ ዳምጠው፦ እና ስትመለሽስ ለምን አትከፍቺውም? ጠዋት ብቻ ከፍቶ መሄድ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው? ሰው የሚወድቀው ማታ ማታ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው!