አመድ የጎዳት ብሉቤሪ

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ከልጄ ጋር ስመለስ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዶማ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ልጄ ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ለእረፍት መጥታ ነው።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ ዶማ ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አልኳቸው።

«የሚስቴን ብሉቤሪ ልነቅላት ነው። ዓይኔ እያየ ከምትማቅቅ ልገላግላት።»

ሚስታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባልንጀራዬ ነበረች። ያቺን ቁጥቋጦ በእጇ ተክላ፣ ስትታመም «አደራ» ብላቸው ነው የሞተችው። በእሷ ጊዜ ሽምብራ የሚያህል ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ትሰጥ ነበር። አሁን ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ አረንጓዴ የቀረው ጅማቱ ብቻ ነው።

ልጄ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«አባባ፣ ምን ያደርጉባታል?»

«ያላደረግኩላት ምን አለ? በየሳምንቱ አንድ ጣሳ አመድ። እናትሽ ትሙት፣ ከዳቦ ምድጃዋ እያፈሰች የምትሰጠኝ እሷ ናት።»

አጠገባቸው ቆሜ በእኔ ማሉ።

«እንግዲህ የጎዳት አመዱ ነው» አለች ልጄ።

«በይ ተይ። አባቴ ጎመኑን ያሳደገው በአመድ ነው፤ ጎመኑ ደግሞ እኛን አሳደገን። ተማሪ ቤት የላኩሽ አመድ እንድታሚ ነው?»

«ለጎመኑ ልክ ነዎት። ይቺ ግን ኮምጣጣ አፈር ነው የምትወደው። አመድ ኮምጣጣነቱን ያጠፋባታል፤ ያኔ ምግቡ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሯ መውሰድ ያቅተዋል። ማዕድ ፊት ተቀምጦ እንደሚራብ በሽተኛ ማለት ነው።»

«ይሄ ወሬ ነው።»

«እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት» ብላ አቼቶ ከቤት አስመጣችኝ። በአንድ ስኒ ከሥሯ አፈር፣ በሌላው ከአጥሩ ጥግ አፈር አደረገችና አቼቶውን ጠብ ጠብ አደረገችበት። የአጥሩ ዝም አለ። የቁጥቋጦዋ ግን እየተንሿሿ አረፋ አወጣ።

«ያ አረፋ አመዱ ነው፣ አባባ። እማማ በሕይወት ሳለች አመድ ታደርግባት ነበር?»

ሰውዬው ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። «እሷማ ከአናጢው ሰጋቱራ እያመጣች ትነሰንስባት ነበር። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት።» ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ። «አደራ በላ ሆንኩ ማለት ነው።»

«እኔም አለሁበት» አልኳቸው። ጽድቅ እየሠራሁ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አመድ ሳቀብል ኖሬያለሁ።

ልጄ ግን ግንዷን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ከሥሩ ለምለም አረንጓዴ ወጣ። «አልሞተችም» አለች። እፎይ አልኩ፤ ተመስገን።

የዚያን ቀን ላይ ላዩን ያለውን አመዳም አፈር በእጃችን አነሳን። አፈሩን መልሶ እንዲያኮመጥጥ ጥቂት ድኝ በተንንበት፣ ከላዩ ሰጋቱራና የጥድ ቅጠል አለበስናት።

«ዶማ ፈጽሞ አያስጠጉባት፤ ሥሯ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው» አለቻቸው ልጄ። «የዝናብ ውኃ በበርሜል ያጠራቅሙላት፤ የቧንቧው የአፈሩን ኮምጣጣነት ሊያጠፋባት ይችላል። ቅጠሏን ስታራግፍ ደግሞ ያረጁትን ግንዶች ቆርጠን አዲሱ እንዲወጣ እናደርጋለን።»

«ያረጀውን እንቁረጥ ስትዪ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ እኔም እዚሁ ቆሜያለሁ» አሉ። ካቀረቀሩበት ቀና ያሉት ያኔ ነው።

ቶሎ አልዳነችም። በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ሰጠች። በሁለተኛው ከሥሯ ቀያይ ቀንበጥ አወጣች፣ ከዚያም አበባ። ዘንድሮ ሰፈሩ ሁሉ ፍሬዋን ቀመሰ፤ ሦስት ጎረቤቶችም የራሳቸውን ተከሉ፣ ከመትከላቸው በፊትም አፈራቸውን ፈተኑ። እኔ አመዴን አሁን ለጎመን ነው የምሰጠው። ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም ልጆቼ፤ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሰጥቶታል፣ የእኛ ድርሻ ጠይቆ ማወቅ ነው። ከልጅ መማርም አያሳፍርም።

ባለፈው እሑድ ጋሼ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ለቅመው አመጡልኝ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«መቃብሯ ጋ። እስከ ዛሬ ስሄድ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው አወራት ነበር፤ ስለ ተክሏ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ እነግራታለሁ።»