አርባ ብለን የጻፍነው

እኔም በተሳፈርኩበት፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ የአርባ ምንጭ ታክሲ ውስጥ አንድ እንግዳ ሰው ከጎኑ የተቀመጡትን ጡረተኛ መምህር ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ምንጮቹ እውነት አርባ ናቸው?»

«አርባ ነዋ! አርባ ምንጭ የተባለው በምን መሰለህ? በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጫካው ድረስ ልኬ አስቆጥሬያለሁ። አንድም ክፍል ከአርባ ፈቅ ብሎ አያውቅም!»

ከኋላቸው ማንጎ በዘንቢል የያዘች ሴት ሳቋ አመለጣት።

«ቲቸር፣ አላወቁኝም? ስምንተኛ ቢ አስተምረውኛል።»

«አንቺ! ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«እኛ እኮ አልቆጠርንም።»

«ምን አልሽ?»

«ሰባት ላይ ስንደርስ ሞቀንና ዋና ገባን። ከዚያ አርባ ብለን ጻፍን።»

«ያንቺ ክፍል ብቻ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ኧረ ቲቸር! ‹አርባ ካላችሁ አስር ከአስር ይሰጣችኋል› ያለችን ታላቅ እህቴ ናት። ለእሷም የነገሯት ከፊቷ የነበሩት ናቸው።»

«ጉድ! ጉድ በል አርባ ምንጭ!»

«እርስዎ ራስዎ ቆጥረው ያውቃሉ?»

«እኔማ እናንተን አምኜ! ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

«ቲቸር፣ ቤትዎ ሴቻ አይደል እንዴ?»

«ዛሬ ሳልቆጥር ቤቴ አልገባም!»

«እንግዲያው ይጠብቁኝ! ከሰባተኛው ወዲያ ያለውን እኔም አላየሁትም።»

«እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ!» አለ እንግዳው።

አስር ከአስር ያገኘሁበት ደብተሬ ትዝ አለኝና፣ ቲቸር በአጠገቤ አልፈው ሲወርዱ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።