የክንፉ ብሔረሰብ

ክልል በሆንን ሰሞን፣ የጎረቤቴ ልጅ አሪየት በተማሪ ቤቱ ድራማ ላይ የምትበር የተረት ልጅ ሆና ልትጫወት ተመረጠች። ካረጀ አጎበሬ ክንፍ ሰፋሁላት፤ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬም ዘውድ ደፋሁላት። በዝግጅቱ ቀን፣ መድረክ የሚወጡትን የሚመዘግቡት ሰውዬ ክንፉን ዳበስ አደረጉና «ይሄ የየትኛው ብሔረሰብ ልብስ ነው?» አሉኝ።

«ልጅቷ አኝዋ ናት» አልኳቸው።

«የጠየቅሁሽ ስለ ልብሱ ነው። ብሔረሰቡ ያልታወቀ መድረክ አይወጣም።»

ሳምንት ሙሉ በግቢዬ ስትበር የከረመችው ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጌታዬ፣ የተረት ልብስ ነው። ተረት ደግሞ ቀበሌ የለውም።»

ሰውዬው አሰቡ፣ አሰቡና «ሌሎች» በሚለው ሥር ጻፏት። ክልል ስንሆን እኔንም ከደጋ የመጣሁትን የመዘገቡኝ እዚያው ሥር ነው። ክንፏን አቃናሁላትና «በይ ውጪ ወገኔ» አልኳት፤ «ከኛ ውስጥ መብረር የተፈቀደልሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»