አሥራ አንዱም ሞክሼ

(የእንቆ ወንዝ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት ዎርክሾፕ፤ ሐምሌ 19፣ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፤ የዎርክሾፑ ኃላፊ ወንድይፍራው የአዲሶቹን የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች የርክክብ ቅጽ ዘርግቶ ቆሟል፣ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና ሳምንት የሆናት ቴክኒሻን ትርንጎ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣ እስክሪብቶውን አልቀበልም ብላለች።)

ትርንጎ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ ጋሼ። ስንቴ ልበል?

ወንድይፍራው፦ እስክትፈርሚ ድረስ። ነገ በሦስት ሰዓት ትልልቅ ሰዎች እዚህ ቆመው ሪባን ይቆርጣሉ። ቅጹ ላይ የእኔ ስም ሚዜ እንደሌለው ሙሽራ ብቻውን ተገትሯል። ፈርሚ!

ትርንጎ፦ ሚዜ ከመሆኔ በፊት ሙሽሪትን ልያታ።

ወንድይፍራው፦ ፊት ለፊትሽ ናት! አሥራ አንድ ጣቢያ፣ አሥራ አንድ አረንጓዴ። ከላይ ከፏፏቴው እስከ ታች እስከ እግር መሻገሪያው ድረስ ወንዙ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ትርንጎ፦ እሱ ነው ያስፈራኝ። በሐምሌ የሚተኛ ወንዝ የት አይተው ያውቃሉ?

ወንድይፍራው፦ ዘንድሮ ዝናቡ ሰነፍ ነው።

ትርንጎ፦ በመስኮት ብቅ ይበሉ እስቲ። ተራራው ከትናንት ማታ ጀምሮ አይታይም። ጠዋት በባጃጅ ድልድዩን ስሻገር ደግሞ ውሃው የምሰሶውን ወገብ ይዞ ነበር። ባለባጃጁ እንኳ እያማተበ ነው የተሻገረው።

ወንድይፍራው፦ ከባጃጅ ላስቲክ ውስጥ ሆነሽ ወንዝ ለካሽ! አንቺ ልጅሽን ታቅፈሽ ገንፎ ስትበይ፣ በሰኔ ጭቃ እየተንቦራጨቀ አሥራ አንዱን ጣቢያ የተከለው ማን ነው? ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ።

ትርንጎ፦ መትከልዎን ማን ካደ?

ወንድይፍራው፦ ታዲያ እመኚኛ! እኔ የልጆቼን እናት በዚህ ስክሪን ነው የላክሁት። ጠዋት አስካለ ደውላ «ለገብርኤል ማዶ ልሻገር ነው፣ ወንዙ እንዴት ነው?» አለችኝ። አየሁ፣ አረንጓዴ። «ሄደሽ ተሳለሚ፣ ስትመለሽም ያው ነው» አልኳት። የማላምነውን ነገር ይዤ ሚስቴን ውሃ ውስጥ እልካለሁ?

ትርንጎ፦ እትዬ አስካለ ማዶ ናቸው? አሁን?

ወንድይፍራው፦ ዝክር እየቀመሰች ይሆናላ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትመለሳለች። ደግሞ ብትሰሚያት ጉድ ነው፣ «ለማንኛውም ዳምጤን ልጠይቀው» ትለኛለች! ሠላሳ ዓመት በሽቦ የኖርኩትን ባሏን ትታ፣ ወንዝ ዳር ዱላ ተክሎ ውሃ የሚለካ ሽማግሌ! አናደደችኝና «ሁለተኛ ስለ ወንዝ እንዳትደውይልኝ» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ትርንጎ፦ ይደውሉላቸውና ትንሽ ይቆዩ ይበሏቸው።

ወንድይፍራው፦ ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ቁሚ? ልጆቼ እስከ መስቀል ይስቁብኛል።

ትርንጎ፦ ዳምጤስ? መሻገሪያው ላይ አለ አይደል?

ወንድይፍራው፦ አሰናበትነው እኮ፣ ትናንት። ማሽን ተተክሎ ጠባቂ ለምን? ዕቃውን አስረክቦ ልጁ ዘንድ ወረደ። ፊሽካ አንድ፣ ካፖርት አንድ፣ የመሥሪያ ቤት ስልክ አንድ። መሳቢያው ውስጥ ነው፣ እሱንም ትፈርሚበታለሽ።

ትርንጎ፦ ሃያ ዓመት እዚያ የቆመ ሰው ምን አለ?

ወንድይፍራው፦ ምን ይላል? «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለና ካፖርቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ሽማግሌ ተረት አያጣም።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ ስልክ ይጠራል። ከመሳቢያው ነው።

ወንድይፍራው፦ የዳምጤ ነዋ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው። የመሻገሪያው ሰው ሳይጠይቀው እግሩን አያነሣም ነበር፣ ቀስ እያለ ይለምዳል።

ትርንጎ፦ ላንሳውና ልስማ…

ወንድይፍራው፦ ተዪው ይጥራ! ነገርን ነገር እያመጣሽ ልታመልጪኝ ነው።

ትርንጎ፦ ቆመ።

ወንድይፍራው፦ ሲሰለቸው ይቆማል። በይ አሁን ፈርሚ።

ትርንጎ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቆጡ። የጣቢያዎቹን ቦርዶች ሲያዘጋጁ ማስነሻ ፕሮግራሙን፣ ቡትሎደሩን፣ በየአንዳንዱ ላይ ለየብቻ ነው የጫኑት?

ወንድይፍራው፦ ክረምቱ አንገቴ ላይ ቆሞ ለየብቻ? አንዱን አሳምሬ አዘጋጀሁ፣ ያንን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናሙናውን። ከዚያ እሱኑ ገልብጬ አሥራ አንዱ ላይ ጫንኩ። በአንድ ቀን ጨረስኩ!

ትርንጎ፦ ከነአድራሻው ገለበጡት።

ወንድይፍራው፦ አድራሻውማ በየሳጥኑ ጀርባ ተለጥፏል። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት።

ትርንጎ፦ ወረቀቱ አይመሳሰልም። ቦርዱ ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አያነብም። መብራት አግኝቶ ሲነቃ መጀመሪያ የሚሰማው ቡትሎደሩን ነው። «ስምህ እገሌ ነው» ይለዋል፣ ኔትወርክ ላይ በዚያ ስም ይጠራል። እርስዎ የናሙናውን ስም አሥራ አንድ ጊዜ ገለበጡት። ፋብሪካው ያወጣላቸውን ስም የጠየቃቸው የለም።

ወንድይፍራው፦ እና ከዚህ ሆነሽ አታርሚውም?

ትርንጎ፦ ሞከርኩ፣ አንዴ ከተጻፈ አይለቅም። እያንዳንዱ ጣቢያ ሄዶ በእጅ መፍታት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ይሁን፣ ሞክሼ ይሁኑ! በሞክሼ የሞተ ሰው አለ?

ትርንጎ፦ አንድ ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለት ሞክሼ ይኑር እንበል። በር ላይ ቆመው ቢጣሩ መጀመሪያ አቤት የሚልዎ ማነው?

ወንድይፍራው፦ ቅርብ ያለው።

ትርንጎ፦ ቅርብ ያለው። ለዚህ ስክሪን ቅርብ ያለውስ የትኛው ቦርድ ነው?

ወንድይፍራው፦ አትምጪብኝ! እያንዳንዱን ፈትሻለሁ። ጣቢያው ድረስ ሄጄ አበራሁ፣ እዚህ ደወልኩ፣ «አረንጓዴ ሆነ» አሉኝ። አሥራ አንዱንም!

ትርንጎ፦ ያን ጊዜ ናሙናው ተነቅሎ ነበር?

ወንድይፍራው፦ ምን አድርጎኝ ልንቀለው?

ትርንጎ፦ የናሙናው ውሃ ለኪ ሰንሰርስ የት ነው የተነከረው?

ወንድይፍራው፦ በርሜሉ ውስጥ ነዋ፣ ከጠረጴዛው ሥር። ደረቅ ከሆነ ይነጫነጫል።

ትርንጎ፦ እንግዲያው አረንጓዴውን ይተዉና ከኋላው ያለውን ቁጥር ይዩልኝ። ፏፏቴው ሠላሳ ስምንት ሳንቲም ሜትር። ድልድዩ ሠላሳ ስምንት። መሻገሪያው ሠላሳ ስምንት።

ወንድይፍራው፦ አንድ ወንዝ አይደል? ይመሳሰላል።

ትርንጎ፦ ትናንት ሁሉም አርባ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አሥራ አንዱም በአንድ ደቂቃ ሁለት ሳንቲም ወረዱ። ከፏፏቴው እስከ መሻገሪያው ለውሃ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ያን ሰዓት እዚህ ምን እየሠሩ ነበር?

ወንድይፍራው፦ እኔ እንጃ። ምን እሠራለሁ? መኪናው ለነገ ድንኳን ሊያመጣ ሲነሣ ራዲያተሩ ውሃ ጎድሎት ነበር። ቧንቧው ደግሞ ጠፍቶ…

ትርንጎ፦ ጠፍቶስ?

ወንድይፍራው፦ በትንሿ ጀሪካን ቀዳሁለት።

ትርንጎ፦ ከየት?

ወንድይፍራው፦ ከበርሜሉ። ምን ይላል ይሄ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ። አንቺ ንቀሽኝ ነው እንጂ…

ትርንጎ፦ እንዴት እንቅዎታለሁ ጋሼ? ብየዳ ያስያዙኝ እርስዎ አይደሉም? ሰንሰሩን ብቻ ከውሃው ያውጡት፣ እኔ ስክሪኑን አነባለሁ። ምንም ካልተለወጠ አሁኑኑ እፈርማለሁ።

ወንድይፍራው፦ ቃልሽ ነው?

ትርንጎ፦ ልጄን!

ወንድይፍራው፦ ይኸው፣ አወጣሁት። ምን ይላል? ትርንጎ፣ ምን ይላል?

ትርንጎ፦ ፏፏቴው ዜሮ። ድልድዩ ዜሮ። መሻገሪያው ዜሮ። እንቆ ደረቀ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ መልሼ ነከርኩት። አሁንስ?

ትርንጎ፦ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጠብቀው የከረምነው ወንዝ ይሄ በርሜል ነው።

ወንድይፍራው፦ ቆይ፣ ቆይ። ጠዋት ለአስካለ አይቼ የነገርኳት…

ትርንጎ፦ በርሜሉን ነው።

ወንድይፍራው፦ ወይኔ! ወይኔ ወንድይፍራው! ስንት ሰዓት ነው?

ትርንጎ፦ ዘጠኝ ከሩብ።

ወንድይፍራው፦ ንቀይው! ናሙናውን ንቀይልኝ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ይናገሩ!

ትርንጎ፦ ነቀልኩት። ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ይታገሡ፣ እየፈለገ ነው። መጣ።

ወንድይፍራው፦ ስንት?

ትርንጎ፦ ስድሳ ሳንቲም።

ወንድይፍራው፦ ተመስገን! ስድሳ ጉልበት ነው፣ አስካለ ቁመቷ ረጅም ነው፣ ምንም አይላት…

ትርንጎ፦ ተለወጠ። ሦስት ሜትር ከአርባ። አሁን ደግሞ አንድ ሜትር ከአሥር። አራት ሜትር። ሁሉም መስመር ቀላ።

ወንድይፍራው፦ አራት ሜትሩ የትኛው ጣቢያ ነው?

ትርንጎ፦ በምን ልለየው? አሥራ አንዱም በአንድ ስም ነው የሚጮኹት። አንዱ ቦታ ጎርፍ አለ። ላይ ይሁን ታች፣ ደርሶ ይሁን ገና እየመጣ፣ ከዚህ ሆኜ አላውቅም።

ወንድይፍራው፦ የመሻገሪያውን ጣቢያ ሳይረን ልቀቂው! ሰው ከውሃ ይውጣ!

ትርንጎ፦ ለቀቅሁት። «ተቀብያለሁ» አለኝ።

ወንድይፍራው፦ ገብርኤል አባቴ፣ ገብርኤል አባቴ!

ትርንጎ፦ ማን እንደተቀበለኝ ግን… ዝም ይበሉ እስቲ። ይሰማዎታል? ከከተማው በኩል ነው። የድልድዩ ሳይረን ነው የሚጮኸው።

ወንድይፍራው፦ ድልድዩ ምን ያደርግልኛል? ድገሚው!

ትርንጎ፦ ደገምኩት። አሁንም የድልድዩ ነው። ስንቴ ብጠራው ያው ቅርብ ያለው ነው አቤት የሚለው።

ወንድይፍራው፦ ልደውልላት። ቁጥሩን አንቺ ምቺልኝ። በሠላሳ የሚያልቀው… አዎ እሱ። ስጪኝ። አስካለ፣ አንሺ የኔ እናት፣ በሞቴ አንሺ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች ይቺ ሴትዮ!

ትርንጎ፦ እንደገና ይሞክሩ።

ወንድይፍራው፦ ያው ናት፣ ያው ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። መኪናውን ለድንኳን ልኬ፣ ዳምጤን አባርሬ! አንዴ ፊሽካውን ቢነፋ ይበቃ ነበር እኮ።

ትርንጎ፦ መሻገሪያው አካባቢ የሚያውቁት ሌላ ሰው የለም? የማንንም ስልክ አያውቁም?

ወንድይፍራው፦ እኔ እዚያ ማንን አውቃለሁ? ሁሉን የሚያውቀው ዳምጤ ነው። ቆይ፣ ስልኩ! ያገሬው ቁጥር እሱ ውስጥ ነው። ሻይ የምትሸጠዋ አለች፣ የሰበካው ሊቀመንበር አለ። መሳቢያውን ክፈቺው፣ ቶሎ በይ!

ትርንጎ፦ ያዝኩት። ጋሼ…

ወንድይፍራው፦ ደውዪ እንጂ! ምን ፈዘሽ ታያለሽ?

ትርንጎ፦ ያልተነሣ ጥሪ አለበት። ሰባት ጊዜ።

ወንድይፍራው፦ የማን ነው?

ትርንጎ፦ ሰባቱም ያንድ ሰው ነው። ዳምጤ «እትዬ አስካለ» ብሎ ነው የመዘገባቸው። የመጨረሻው ያ «ተዪው ይጥራ» ያሉኝ ነው።