አቶ ኤርሳዶ ማጀት ሲገቡ

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አቶ ኤርሳዶ አረካ ከተማ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆርቆሮ ሥር ቆመው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር። ከሶዶ የተነሡት በማለዳው ሚኒባስ ነው። የሚሄዱትም ታናሽ ወንድማቸው ወዳለበት ወደ ቦምቤ ነበር። ዳሩ ግን ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ኖሮ፣ ሾፌሮቹ “ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አንንቀሳቀስም” ብለው ሻይ ቤት ገብተዋል።

አቶ ኤርሳዶ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ሶዶ፣ ከልጃቸው ከበድሉ ቤት ነው። በድሉ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሚስቱ ሊድያ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ትንሳኤና ሃይማኖት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው።

የዚያን ቀን ሽማግሌው ከቤት የወጡት አኩርፈው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ማታ ሊድያ እራት አቅርባ ሲያበቃ፣ “አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት” አለች። “ዘንድሮ በበዓሉ ዋዜማ ተረኛ ነኝ። ሙቹዋውን፣ ዳጣውን፣ ወጡን ብቻዬን አልችለውም። በድሉና ልጆቹ ያግዙኝ፤ የምግቡንም ዓይነት ትንሽ ቀነስ እናድርገው።”

ሙቹዋ ማለት ቆጮው በደቃቁ ተከትፎ፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ የሚታሽ የበዓል ምግብ ነው። ሲበሉት ይጥማል፤ ሲሠሩት ግን ክንድ ይጨርሳል። አቶ ኤርሳዶ የሚያውቁት መብላቱን ብቻ ስለነበረ፣ ልመናው ንቀት መሰላቸው።

“እናቱ በሕይወት ሳለች ልጄ ድስት ከፍቶ አያውቅም” አሉ። “አንቺ ጉልቻ ሥር ልታስቀምጪው ነው? እንዲህ ከሆነ በዓሉን ቦምቤ እውላለሁ።”

ሊድያ መልስ አልሰጠችም። በድሉም አንገቱን ደፋ።

አንባቢ በዚህ ምክንያት አቶ ኤርሳዶን ክፉ ሰው አድርጎ እንዳይቆጥራቸው። ለተቸገረ የሚደርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሰው በቤቱ ለዘመናት ሲሠራ ያየውን ነገር የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይወስደዋል። ከአራት ወር በፊት ሊድያ የሌሊት ተራ አድራ መጥታ ቁርስ ስትሠራ እንቅልፍ ጥሏት፣ የፈላ ዘይት የእጇን አንጓ አቃጥሏታል። በዚያው ሰሞን ትልቋ ልጅ ትንሳኤ የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ፣ መምህሯ “ይህች ልጅ ጠዋት ምን በልታ ነው የምትመጣው?” ብላ ጠይቃለች። የበላችው ብስኩት ነበር። አቶ ኤርሳዶ ሁለቱንም አይተዋል፤ አዝነዋልም። ነገር ግን የአንዱ ችግር ከሌላው፣ ሁለቱም ከእሳቸው ከራሳቸው ልማድ ጋር መገናኘቱን አላሰቡትም።

“አባባ ኤርሳዶ! ሳሮ፣ ሳሮ! እርስዎ ነዎት እንዴ?”

በወላይትኛ ሰላም ሲባሉ ዞር ብለው ጃንጥላ የያዘ ወጣት አዩ። የቦምቤ ጎረቤታቸው የነበረው የሟቹ የአቶ ሶርሳ ልጅ ቶማ ነው። ተምሮ አረካ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ሆኗል።

“ቶማ! አንተ ልጅ፣ ቁርጥ አባትህን!” ብለው አቀፉት።

“መንገዱ እስኪደርቅ ለምን እዚህ ይቆማሉ? ቤቴ ቅርብ ነው፤ ምሳ ቀምሰው ይሄዳሉ።”

“የለም፣ ሚስትህን በድንገተኛ እንግዳ አላስቸግራትም።”

“ዓመለወርቅ ቢሮ ናት፤ ለምሳ ስድስት ሰዓት ትመጣለች። እኔ ዛሬ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የምሳው ባለ ተራ እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው ቀልድ መስሏቸው ሳቁና ተከተሉት። ቤት ሲደርሱ ግን ቶማ ኮቱን ሰቅሎ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ሽርጥ ታጥቆ ወደ ማጀት ገባ። አቶ ኤርሳዶ በርጩማ ይዘው ከማጀቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አፍረዋል፣ ሳሎን ብቻቸውን ለመቀመጥ ደግሞ ሰልችቷቸዋል።

ቶማ ጎደሬውን ከነልጣጩ አጥቦ በትልቅ ድስት ጣደ። በላዩም ወንፊት መሳይ ብረት አስቀመጠና፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ የእሸት በቆሎ ሊጥ ደርድሮ ከደነው።

“ታችኛው ሲቀቀል፣ ላይኛው በእንፋሎቱ ዳቦ ይሆናል” አለ። “በአንድ እሳት ሁለት ምግብ ነው። ይህች ዳቦ የመስከረም ናት። እሸቱ እስካለ ለልጄ በየሁለት ቀኑ እሠራላታለሁ፤ ማር ጠብ ሲደረግባት ከብስኩት ትመርጣታለች።”

“ልጄ፣ አትቀየመኝ” አሉ አቶ ኤርሳዶ፤ “አባትህ የተከበረ ሰው ነበር። አንተን እዚህ ቢያይህ ምን ይል ይመስልሃል?”

“ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ አባባ። እኔም አንድ ልጠይቅዎት። ለጊፋታ በሬ የሚያርደው ማነው?”

“ወንድ ነዋ!”

“ገፍፎ፣ አወራርዶ፣ ብልት በብልት የሚለየውስ?”

“እሱም የወንድ ነው።”

“ቁርጡን ለእንግዳ እየቆረጠ የሚያቀርብ ጎበዝ ሲኖር፣ ‘እጁ የተባረከ ነው’ ብለው ያመሰግኑታል። ታዲያ ያው እጅ ከቢላ ወደ ማማሰያ ሲሄድ ነውር የሚሆነው እንዴት ነው?”

አቶ ኤርሳዶ ጢማቸውን አሻሹ። “ያ የዓመት ነው። ይህ ደግሞ የየቀን ነው።”

“የየቀን መሆኑ ነው የከበደው፣ አባባ። ዓመለወርቅ እንደኔ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ ናት። የእናቶቻችን ሥራ ቤትና ጓሮ ነበር፤ ያም ከባድ ነበር። የዛሬዎቹ ግን የእናታቸውን ሥራ እንዳለ ይዘው የአባታቸውንም ጨምረዋል። እኛ ወንዶች ምን ጨመርን?”

ቶማ ይህን እያለ ፍሪጁን ከፍቶ ክዳን ያላቸው ሁለት ዕቃዎች አወጣ። አንደኛው የበሰለ የሽንኩርት ቁሌት፣ ሁለተኛው ዳጣ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው አብሮ የተፈጨ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ።

“አየህ!” አሉ ሽማግሌው፣ የሚይዙት ነገር እንዳገኙ ሁሉ። “ያደረ ምግብ! ያደረ ነገር ለእንግዳ አይቀርብም።”

“ወጥ አይደለም ያሳደርኩት፣ የወጡን መጀመሪያ ነው። ረጅሙ ሥራ ሽንኩርት መክተፍና ማቁላላት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን ተቀምጠን፣ እየተጨዋወትን፣ እስከ ሐሙስ የሚበቃውን እናዘጋጃለን። ከዚያ በየቀኑ የሚጨመረው ትኩስ ነው፤ ዛሬ ጎመንና እሸት ቦሎቄ፣ ነገ ምስር ወይም ዱባ። ጎመኑን ከጓሮ የቆረጥኩት ዛሬ ጠዋት ነው።”

“መብራት ሲጠፋስ?”

“እሱን ጥሩ ጠየቁኝ። ለዚህ ነው በትንሽ በትንሹ ለይተን የምናስቀምጠው። መብራት ጠፍቶ ከዋለ የዚያኑ ቀን ሠርተን እንበላዋለን፤ የተጠራጠርነውን ደግሞ አንነካም።”

ወጣቱ ቁሌቱን አሙቆ ቦሎቄውን ጨመረ፤ ጎመኑንም ይከትፍ ጀመር። አቶ ኤርሳዶ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጡ ሳያስቡት አሳፈራቸው። ከጎናቸው ባለው ቅርጫት ውስጥ የተረፈ ጥሬ ጎደሬ ነበር። ቢላ አነሡና አንዱን መላጥ ያዙ።

“አባባ፣ ተዉት! ጥሬውን—”

“ዝም በል፤ ጎደሬ መላጥ ያቅተኛል?”

ሦስተኛውን ሲጀምሩ መዳፋቸው እሳት እንደ ነካው ይለበልባቸው ጀመር። ቢያኩት ባሰ። ውሃ ቢያፈሱበትም አልቆመም።

“ያሳክካል” አለ ቶማ፣ ቶሎ ብሎ ዘይት እያቀረበላቸው። “ይህን ይቀቡት። ለዚህ ነው ከነልጣጩ የምንቀቅለው፤ ከበሰለ በኋላ ልጣጩ በጣት ይወልቃል፣ እጅም አይነካም።”

ሽማግሌው ዘይቱን እየቀቡ ድንገት እጃቸው ባለበት ቀረ። ዘይት የነካ መዳፋቸውን ተመለከቱ።

“አስናቀች ማታ ማታ እጇን ታሽ ነበር” አሉ በዝግታ። “ቅቤ ትቀባና እንዲህ እያደረገች፣ መዳፏን በመዳፏ። አርባ ዓመት አየኋት። አመል መስሎኝ ነበር።”

ቶማ ማማሰያውን አስቀመጠ።

“በመጨረሻው ጊፋታዋ ታማ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ሙቹዋውን ሠራች። እኔ በእንግዶች ፊት ‘ዘንድሮስ ቅቤው አልገባውም’ አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ሦስት ወር አልቆየችም።” ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። “ትናንት ሊድያም እንደዚያው ነው ዝም ያለችኝ።”

ክርክር ሰውን የሚያደርስበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያደርሰው ግን የራሱ ትዝታ ነው። ቶማም ይህን ያውቅ ስለነበር አንድም የምክር ቃል አልጨመረም። ከድስቱ ሥር እሳቱን ቀነሰና፣ “ወደ ውስጥ ይግቡ፣ አባባ፤ ደጁ ይበርዳል” አላቸው ብቻ። አቶ ኤርሳዶም በርጩማቸውን አንሥተው ማጀት ገቡ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዓመለወርቅ መጣች። እንግዳውን ሰላም ብላ እጇን ታጠበች፤ ከዚያም ከባሏና ከሽማግሌው ጋር እኩል ለምሳ ቀረበች። ዳቦው ትምህርት ቤት ለዋለችው ልጃቸው ተቀመጠ። ጎደሬው ትኩስ ነው፤ ቦሎቄና ጎመኑ በልኩ የበሰለ፣ ዳጣው ላብ የሚያስወጣ። ለሦስት ሰው የበቃው ይህ ሁሉ ምግብ የወሰደው ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። አቶ ኤርሳዶ እየበሉ ሴቲቱን ያስተውሉ ነበር። እየሳቀች ትበላለች፤ በመሃል ተነሺ የሚላት የለም። ሊድያ ከእነሱ ጋር ትኩስ ምግብ የበላችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከሩ፤ አንድም አልመጣላቸውም። ሁልጊዜ አቅርባ፣ ጨምራ፣ አንሥታ፣ የቀረውን ቆማ ነው የምትበላው።

“ልጄ” አሏት ዓመለወርቅን፣ “ሰው አይስቅብሽም? ባልሽን ማጀት አስገባች ብለው?”

“መጀመሪያ ስቀዋል፣ አባባ” አለች። “እናቴ ራሷ ሦስት ወር አኩርፋኝ ነበር። ኋላ ልጄ ስትወፍር አይታ ታረቀችኝ።”

ስምንት ሰዓት ላይ ቶማ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው። ዝናቡ አባርቶ ረዳቱ “ቦምቤ! ቦምቤ!” እያለ ይጣራ ነበር። አቶ ኤርሳዶ አለፉትና ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ ቆይተው፣ አመሻሽ ላይ ቤት ሲደርሱ ሊድያ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር። በሩ ላይ ስታያቸው ደነገጠች።

“አባባ፣ ምን ሆኑ? ደህና አይደሉም?”

“ደህና ነኝ። አንቺ ተቀመጪ።”

“እራት ልሥራና—”

“ተቀመጪ አልኩሽ፣ ልጄ። ትናንት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በድሉ! ና ወደዚህ። ድስት የሚታጠበው በምንድን ነው?”

የመጀመሪያው እራት እንዳማረ ብናገር እዋሻለሁ። ጎመኑ ጨው በዝቶበት፣ ጎደሬውም መሃሉ ጥሬ ሆኖ፣ ሕፃኗ ሃይማኖት “አያቴ፣ ይህ ድንጋይ ነው?” ብላ ሁሉንም አሳቀች። ሊድያ ግን ያንኑ እየበላች ዕንባዋ መጣ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ሊድያ ተራዋ ላይ ሳለች፣ አባትና ልጅ ቆጮውን ከተፉ፤ ትንሳኤ የዳጣውን ቅመም ለቀመች። ቅቤ የማንጠሩን ነገር ደፍረው አልነኩትም፤ ሊድያ ሐሙስ ዕለት አንጥራ አስቀምጣላቸው ነበር። ወጡን ከሦስት ወደ አንድ ቀነሱት። እሑድ ዘመድ ጎረቤት ሲሰበሰብ አንድም ሰው “ጎደለ” አላለም።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ኑሮ እንዴት እንደ ተለወጠ በአጭሩ ልናገር። ቅዳሜ ከሰዓት የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ባቄላ ይቀቀላል፣ ጎመን ይታጠባል። ልጆቹ ጠዋት ስኳር ድንች በወተት ወይም የእሸት ዳቦ በልተው ይሄዳሉ፤ እሸቱ ሲያልፍ ዱባ፣ የማንጎ ወራት ሲመጣ ማንጎ፣ ምድር በየጊዜው የምትሰጠውን። ትንሳኤ ዳግመኛ ሰልፍ ላይ አልወደቀችም። ሊድያ የሌሊት ተራ አድራ ስትመጣ ምድጃ ሳይሆን አልጋ ይጠብቃታል። የአባቶች ምግብ አልቀረም፤ ይልቁንም ልጆቹ ሲሠራ እያዩ ስሙንም አሠራሩንም ተማሩት። አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሸከመው ወግ እሷ ስትደክም ይጠፋል፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ግን ይቀጥላል። ሽማግሌውም፣ ሥራ ፈት ሆነው ሲቆዝሙ የነበሩት ሰው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያወሩት ነገር አገኙ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው አቶ ማሞ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ፣ አቶ ኤርሳዶ ሽርጥ ታጥቀው የበሰለ ጎደሬ ይልጣሉ።

“ኤርሳዶ!” አሉ እየሳቁ፣ “ምነው፣ በዚህ ቤት ሴት የለም እንዴ?”

“ሞልተዋል” አሉ አቶ ኤርሳዶ ቀና ሳይሉ። “ምሳ ላይ ተቀምጠዋል። በል እጅህን ታጠብና ግባ፤ ዳጣ የሚያቀርብ ሰው አጥተናል።”