ደምሌ የሚባለው ስፍር

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚሉት ተሳስተዋል፤ መቃብሩን የማይጠብቅም ስም አለ። በጣሊያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ገበያ በካሚዮን ስንሄድ፣ አንዲት ሴት አጠገቧ ያለችውን እንግዳ ትመክራለች።

«ጤፍ ስትገዢ ደምሌ እንዳይሰፍሩብሽ።»

«ደምሌ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አውራ ጣትን ጣሳው ውስጥ ከትቶ መስፈር ነዋ።»

ከኋላችን በሚሸጡት ጤፍ ጆንያ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጮኹ።

«ደምሌ ሰው ነው! እኔ ነኝ!»

«ውይ አባቴ! አሁንም ጣትዎን ይከታሉ?» አለች መካሪዋ።

«ከተውሁት ስንት ዘመኔ! በዚህ ስም የተነሳ ልጄን የሚያገባ ጠፋ እኮ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጢም አድርገው ይስፈሩልኝ።»

«እሰፍራለሁ። ቃሉንስ ትተዪልኛለሽ?»

«እሱንማ በምን እተካዋለሁ፣ አባቴ?»

ሳቄን በጋቢዬ ሸፈንሁ፤ አንተ ግን አንባቢ፣ ልጅቷ ቆማ ሳትቀር ሌላ ቃል አምጣ።