ቀይ ባሕር ቀይ አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ሐሙስ ከሰዓት፤ እቴቴ አጸደ በትንሿ ሆቴሏ አዳራሽ ለቅዳሜ ሠርግ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ የእህቷ ልጅ ሩሐማ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ያለችው፣ እጇ እስከ ክርኗ ርሶ አኳሪየሙ አጠገብ ቆማለች።

ሩሐማ፦ በቃ እቴቴ፣ ከአሁን በኋላ አልለምንሽም። ቁልፉን ስጪኝ።

አጸደ፦ መለመን ከተውሽ ምን ልታደርጊ ነው? ልትሰርቂኝ?

ሩሐማ፦ ሰማያዊዋን መብራት አንቺ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ቆልፈሽባታል፣ እነዚህ ደግሞ እዚህ እየሞቱ ነው።

አጸደ፦ እነማን? ዓሦቹ ይኸው ሲዋኙ አያቸዋለሁ።

ሩሐማ፦ ዓሦቹን ማን አነሣ? ኮራሎቹን ነው የምልሽ።

አጸደ፦ ድንጋዮቹን?

ሩሐማ፦ ድንጋይ አይደሉም፣ ስንቴ ልንገርሽ። እንስሳ ናቸው። አፍ አላቸው። ምግብ ስጨምርላቸው ትንንሽ እጅ ያወጣሉ። አሳይቼሽ የለ? "ውይ ሲያስጠሉ" ብለሽኝ ሄድሽ።

አጸደ፦ አስጠልተውኝ ነዋ። አሁን ግን አምረዋል፣ እውነቴን ነው። ያ ጭቃ የመሰለ መልካቸው ለቆ ነጭ በነጭ ሆነዋል። ልመርቅሽ ሁሉ ነበር እኮ፣ ልጄ ፈትጋ ፈትጋ አጸዳችልኝ ብዬ።

ሩሐማ፦ እኔ አጥቤያቸው መስሎሽ ነው?

አጸደ፦ ታዲያ ማን ያጥባቸዋል? በበረኪና አይደል?

ሩሐማ፦ በበረኪና ባጥባቸውማ ያኔውኑ ያልቁ ነበር። አቦ እቴቴ፣ የነጡት ባንቺ መብራት ነው። በዚህ በቀዩ።

አጸደ፦ የኔ መብራት አታድርጊው፣ የሙሽራዋ እናት የመረጡት ነው። ቀይ መብራት፣ ነጭ ቬሎ፣ ነጭ ድንጋይ። ፎቶው ላይ እንዴት እንደሚወጣ አስቢው እስቲ።

ሩሐማ፦ ሬሳ አጠገብ ቆመው ሊነሱ ነው በያ።

አጸደ፦ ኧረ አፍሽን ያዢ። ሠርግ ቤት ሬሳ አይጠራም።

ሩሐማ፦ እሺ ይቅርታ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለፈልፍ ማን ሰማኝ?

አጸደ፦ የሰፈር ልጆች "ሬድዮ" ያሉሽ በከንቱ መሰለሽ? ሬድዮ ቀኑን ሙሉ ያወራል። የቱን ሰምቼ የቱን ልተው?

ሩሐማ፦ ይሄንን ብቻ። ይሄን አንዱን ብትሰሚኝ ሳምንቱን ሙሉ ዝም እላለሁ።

አጸደ፦ እሱንማ አትችይም። እስቲ እኔም አንድ ልጠይቅሽ፣ የተማርሽው። እነዚህ ነገሮች ከየት መጡ?

ሩሐማ፦ ከጅቡቲ፣ በባቡር። የአውራ ጣቴን አያህሉም ነበር ሲመጡ። ሁለት ዓመት ነው ያሳደግኳቸው።

አጸደ፦ ባሕሩ ማን ይባላል?

ሩሐማ፦ አወቅኩሽ። ይሄን ልትዪ እንደሆነ አውቄያለሁ።

አጸደ፦ ማን ይባላል?

ሩሐማ፦ ቀይ ባሕር።

አጸደ፦ ከቀይ ባሕር የመጣ ፍጥረት በቀይ መብራት ታመመ ብትዪ ማን ያምንሻል? እኔማ አገራቸው የገቡ ይመስላቸዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ያስቀየርኩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል።

ሩሐማ፦ ልብስ ሰፊዋ ቀዮ ቀይ ናት?

አጸደ፦ ቀዮማ ጠይም ናት።

ሩሐማ፦ ዘበኛሽ ድንቡሼስ ወፍራም ነው?

አጸደ፦ እሱማ ንፋስ ቢመጣ ይወስደዋል።

ሩሐማ፦ የነሱን ስም ያወጣው መልአክ ነው የባሕሩንም ያወጣው። ስሙ ነው ቀይ። ውሃው ቀዩን ብርሃን ላይ ላዩን ይውጠዋል፣ ታች ወርዶ የሚደርሳቸው ሰማያዊው ነው። እነሱ የሚያውቁት እሱን ነው።

አጸደ፦ ይልመዱዋ። እኔ ሐረር ተወልጄ የድሬን ሙቀት አልለመድኩም?

ሩሐማ፦ ሙቀቱን ለመድሽ። ሳይበሉ መዋልንም ይለምዱታል?

አጸደ፦ መብራት ምግብ ነው እንዴ?

ሩሐማ፦ ለነሱ ነው። ውስጣቸው በዓይን የማይታዩ ነገሮች ይኖራሉ፣ አልጌ ይባላሉ።

አጸደ፦ አልጋ?

ሩሐማ፦ አልጌ። ቆይ፣ አልጋም በይው፣ ይሻላል። አልጋ የያዙ እንግዶች ናቸው። እንደ ቅጠል ብርሃን ይቀበሉና ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩት ላይ ቤቱን ያበላሉ። ያ ጭቃ ያልሽው ቀለም የነሱ ነበር። መብራቱ ሲበላሽባቸው ጥለው ወጡ። አሁን ነጭ ሆኖ የሚታይሽ ባዶ አልጋ ነው።

አጸደ፦ ሦስቱም?

ሩሐማ፦ ሁለቱ። ሦስተኛውን እዪው፣ ያ ጥጉ ላይ ያለው። ቡናማ አይደል?

አጸደ፦ እሱን ማጠብ ረስተሽ መስሎኝ ነበር።

ሩሐማ፦ የለስላሳው ፍሪጅ አጠገቡ ነዋ። የፍሪጁ መብራት ምን ዓይነት ነው?

አጸደ፦ ሰማያዊ።

ሩሐማ፦ እሷን እየቃረመ ነው ያለው። ትናንት ግን የሱም ጫፉ መንጣት ጀመረ።

አጸደ፦ ለዓይን እኮ ንጹሕ ነው የሚመስለው፣ ሩሂ። ማን ታመመ ይላል?

ሩሐማ፦ ነጡ እንጂ አልጸዱም። አንቺ ራስሽ ሰው ስታሚ "የነጣ ድኻ" ትዪ የለ? ምን ማለትሽ ነው?

አጸደ፦ ባዶውን የቀረ ነዋ።

ሩሐማ፦ እነሱም እንደሱ ነው የነጡት።

አጸደ፦ ያን ወንበር ሳቢልኝ፣ ልቀመጥ።

ሩሐማ፦ ምን ሆንሽ? ቢያንስ ተቆጪኝ።

አጸደ፦ አሮጌው ባቡር የቆመ ጊዜ አንቺ ገና እየዳኽሽ ነበር።

ሩሐማ፦ አሁን ባቡሩ ምን አመጣው?

አጸደ፦ አሥራ አንድ አልጋ ነበረኝ፣ የሚተኛበት አንድም ሰው ጠፋ። ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ኖራ ገዛሁ። ቤቱን ከውጭም ከውስጥም ኖራ ቀባሁት። የከዚራ ሰው ሲያልፍ "አጸደ ተነሣች፣ ቤቷን አሳመረች" ይላል። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምሳዬም እራቴም ሻይ በዳቦ ነው። አንድ ሰው አንኳኩቶ "በልተሻል?" አላለኝም። ምን ብሎ ይጠይቀኛል፣ ቤቱ ነጭ ነው።

ሩሐማ፦ ነግረሽኝ አታውቂም።

አጸደ፦ አንቺ እያወራሽ መቼ ተራ ደርሶኝ። ሁለቱ አልቆላቸዋል?

ሩሐማ፦ ገና ናቸው። ዛሬ ጠዋት ምግብ ስጨምር አንደኛው እጁን አወጣ፣ ትንሽ። ሰማያዊዋ ዛሬ ከተመለሰች እንግዶቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ቃል አልገባልሽም፣ ግን ይችላሉ።

አጸደ፦ ሠርጉ ይለፍና እሑድ ብንቀይረውስ?

ሩሐማ፦ እሑድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

አጸደ፦ ሴትየዋ ቀይ ካልሆነ ሌላ አዳራሽ ሞልቷል ብለውኛል። በገዛ አፋቸው ነው ያሉኝ።

ሩሐማ፦ አውቃለሁ።

አጸደ፦ በዚህ ወር ያለኝ ሠርግ እሱ ብቻ ነው።

ሩሐማ፦ እሱንም አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ቁልፉን ሳልሰርቅሽ ሦስት ሳምንት የለመንኩሽ።

አጸደ፦ ነይ እስቲ፣ ይሄን የቁልፉን ክር ከአንገቴ አውጪልኝ፣ ማተቤ ላይ ተጠምጥሟል። ቀስ። መብራቷ ከላይኛው መደርደሪያ ነው ያለችው፣ በነጠላ ጠቅልያታለሁ። አምጪያት፣ ወንበሩን እይዝልሻለሁ።

ሩሐማ፦ የሙሽራዋ እናትስ?

አጸደ፦ እሳቸውን ለኔ ተያቸው። ቀይ ካማራቸው ቀዮ አለችላቸው፤ እኔ ቤት ግን እንግዳ አይባረርም።